የተማሪውን ምሳ ያበቀለው ማን ነው?

ከጅቡቲ ከተማ ወደ ኢትዮጵያ በሚወስደው ጎዳና ላይ ሁለት ዓይነት የምግብ ጭነት ዘወትር ይተላለፋል። አንደኛው ከባሕር ማዶ በመርከብ መጥቶ በወደቡ የተራገፈ ስንዴ፥ ክክና ዘይት ሲሆን ወደ ላይ ይወጣል፤ ከእርሱም ከፊሉ በኢትዮጵያ ቆላ ለሚማሩ ሕፃናት ቀለብ ይሆናል። ሁለተኛው ከሐረርጌ ደጋና ከድሬዳዋ ዙሪያ የተነሣ ድንች፥ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲሆን ወደ ባሕሩ ይወርዳል፤ እርሱም የጅቡቲን ቤተሰብ ድስት ይሞላል። በሚወጣው ጆንያ ላይ የሰጪው አገር ስምና ዓርማ በትልቁ ታትሟል። የሚወርደው ጆንያ ግን ምንም ጽሕፈት የለበትም። በሐሙዲ መስጊድ አካባቢ ባለው ገበያ ድንቹን ዘርግታ የምትሸጠው ሴት እንኳ የኮተኮተው ሰው ማን እንደ ሆነ አታውቅም።

ይህ ነገር እንዲታሰብ የሚያደርግ አንድ የበዓል ቀን አለ። በየዓመቱ ማርች 1 ቀን፥ ይኸውም በኢትዮጵያ አቆጣጠር በዓድዋ ድል ዋዜማ የካቲት 22 ቀን፥ የአፍሪካ የትምህርት ቤት ምገባ ቀን ተብሎ ይከበራል። ቀኑ እንዲከበር የተወሰነው የአፍሪካ ኅብረት አባል መንግሥታት መሪዎች በጃንዋሪ 2016 በአዲስ አበባ ባደረጉት ጉባኤ ነው፤ የመጀመሪያውም በዓል በዚያው ዓመት በኒጀር ዋና ከተማ በኒያሜ ተከበረ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በጅቡቲ እንደሚሠራበት በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።) ውሳኔው ልጆች ይብሉ በማለት ብቻ አላበቃም። የሚበሉት ከገዛ አህጉራቸው ማሳ የመጣ ይሁን የሚል ሐሳብ አለበት፤ ይህም ሐሳብ ገና በ2003 በአፍሪካ የእርሻ ልማት ዕቅድ ውስጥ ገብቶ ነበር። እንግዲህ ማርች 1 በስሙ ባይጠራም የገበሬው በዓል ጭምር ነው።

ከዚያ ወዲህ ለተማሪ ምገባ በአደባባይ የተሰጠው ክብር ቀላል አይደለም። በኦክቶበር 2020 የኖርዌይ የኖቤል ኮሚቴ የዓመቱን የሰላም ሽልማት መቀመጫው በሮም ለሆነው ለዓለም ምግብ ፕሮግራም ሰጠ። ይህ ድርጅት በ1961 ተመሥርቶ በየአገሩ ተማሪ ቤቶች ድስት ሲያስጥድ የኖረ ነው። በ2021 ብዙ መንግሥታት በአንድነት ሆነው ስለ ትምህርት ቤት ምግብ ጥምረት አቋቋሙ፤ ተወካዮቻቸውም በ2023 በፓሪስ፥ በ2025 ደግሞ በብራዚል በፎርታሌዛ ከተማ ተሰበሰቡ። አዲስ አበባም በበኩሏ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በምታበላው ቁርስና ምሳ ምክንያት፥ በ2022 በሪዮ ዴ ዣኔሮ በተደረገው የከተሞች ጉባኤ የሚላኖን የከተማ ምግብ ስምምነት ሽልማት ተቀበለች። በዚያው ዓመት በወጣው መግለጫ መሠረት በዓለም ላይ በትምህርት ቤት የሚመገቡት ልጆች ቁጥር 418 ሚሊዮን ደርሶ ነበር።

ይህ ሁሉ ክብር የሚገባ ነው፤ አላግባብ ተሰጠ የሚል ሰው ቢኖር በባዶ ሆዱ ፊደል የሚቆጥር ሕፃን አይቶ አያውቅም። ነገር ግን በእንዲህ ያለ በዓል ላይ የሚጠሩትን ስሞች ላጤነ ሰው ተራው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። መጀመሪያ ገንዘብ የሰጠው ይመሰገናል፤ ቀጥሎ የፈረመው ባለሥልጣን፤ ቀጥሎ ርእሰ መምህሩ። ጊዜ ከተረፈ ወጥ ሠሪዋ ጢስ ከጠገበው ቀሚሷ ጋር ከጓዳ ወጥታ ይጨበጨብላታል። ገበሬው ከቦታው የለም፤ በማሳው ላይ ነውና። ከበዓሉ በኋላ የምስክር ወረቀት በመስታወት ከድኖ የሚልክለት ደግ ሰው ቢገኝም መልካም ነው፤ እርሱ የሚያውቀው ምስጋና ግን ከዚህ የተለየ ነው። ምርቱ በተስማሙበት ዋጋ ተመዝኖ፥ ገንዘቡ በተቀጠረለት ቀን ሲቆጠርለት ያን ጊዜ እንደ ተከበረ ያውቃል።

ማሳውና ትምህርት ቤቱ በአንድ ቀበሌ በሆኑበት አገር ይህን ማስተካከል እጅግ አይከብድም። ልጁ የሚበላው ቦሎቄ የአባቱ ወይም የጎረቤቱ ነው፤ ማን እንዳበቀለውም ያውቃል። ጅቡቲ ግን ነገሩን ከሥሩ የምታስፈትን ከተማ ናት፤ ምክንያቱም ገበሬዋ የሚኖረው በሌላ አገር ነው።

ፈረንሳዮች በ1888 የቆረቆሯት ይህች የወደብ ከተማ በዓመት የምታገኘው ዝናብ በደጋው በአንድ የክረምት ወር ከሚዘንበው ያነሰ ነው። በጁንና በጁላይ ከምሲን የተባለው ነፋስ አሸዋ ይዞ ሲነፍስ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከአገሪቱ መሬት ሊታረስ የሚችለው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፤ ከምግቡም ከመቶ ዘጠና ያህሉ እጅ ከውጭ የሚገባ ነው። ከሕዝቡ ከሦስት ሁለቱ እጅ በላይ በዋናው ከተማ ይኖራል። የሚጠጣው ውሃ እንኳ ከፊሉ ከኢትዮጵያ፥ ከአዲጋላ አጠገብ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች፥ በ2017 ሥራ በጀመረው ቧንቧ የሚመጣ ነው፤ መብራቱም ከ2011 ጀምሮ በብዛት ከኢትዮጵያ ይገኛል።

በጅቡቲ ከተማ እርሻ ፈጽሞ የለም ማለት ግን ስሕተት ነው። በአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ግራና ቀኝ ያሉት የአትክልት ሥፍራዎች ከከተማዋ ጋር እኩል ያረጁ ናቸው። በቀድሞው ዘመን ከየመን የተሻገሩ አትክልተኞች ጉድጓድ እየቆፈሩ፥ ውሃ እየሳቡ፥ በተምር ዛፍ ጥላ ሥር ሰላጣና ቲማቲም፥ ጎመንና ሐባብ አብቅለው የከተማውን ገበታ ያስጌጡ ነበር። የጥላው ነገር ለእርሻ ሰው ልብ የሚባል ነው፤ ከላይ ተምሩ ፀሐዩን ይከላከላል፥ ከሥሩ ፍራፍሬው፥ ከሁሉ በታች አትክልቱ ይበቅላል፤ በአንድ ባልዲ ውሃ ሦስት አዝመራ ይጠጣል። ዛሬ ከተማው አስፍቶ ከቧቸዋል። ከመሬት በታች ያለው ውሃ ብዙ ስለተቀዳ የባሕር ጨው ወደ ጉድጓዶቹ ሰርጎ ገብቷል። ለወትሮው ጠብታ የማይታይበት ይኸው ወንዝ በአንድ ሌሊት ሞልቶ የሚጠርግበትም ጊዜ አለ፤ በአፕሪል 2004 ከተማይቱን የመታው ጎርፍ ብዙ ሰው ገድሏል፤ በኖቬምበር 2019ም ከባድ ጎርፍ ደርሶባታል። አምቡሊ የጅቡቲን ተማሪ ለመመገብ አይበቃም። የተረፈው መሬት በቤት እንዳይዋጥ ማድረግ ግን ለማዘጋጃ ቤቱ ክብር ነው፤ የከተማ ልጅ ቲማቲም ከሣጥን ሳይሆን ከቅርንጫፍ የሚወጣ መሆኑን የሚያይበት ሌላ ቦታ የለውም።

የጅቡቲ ትምህርት ቤት ምግብ ቤቶች በአብዛኛው ከዋናው ከተማ ውጭ፥ በአሊ ሳቢህ፥ በዲክሂል፥ በታጁራ፥ በኦቦክና በአርታ አውራጃዎች የሚገኙ ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የከብት አርቢው ቤተሰብ ግጦሽ እየተከተለ ይንቀሳቀሳል፤ ትምህርት ቤቱ ግን አይንቀሳቀስም። ልጁ ለቀትር ምሳ ወደ ቤቱ ተመልሶ ሊመጣ አይችልም፤ አንዳንዱም በትምህርት ቤቱ ማደሪያ ይሰነብታል። በዚህ አገር ድስቱ ካልተጣደ የክፍሉ ወንበር ባዶ ይሆናል። ሴት ልጅን ከትምህርት ቤት እንዳያስቀሩ ለወላጆች ወደ ቤት የሚወሰድ ዘይት ሲሰጥ የቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እናት ውሃ ቀጅና እንጨት ለቃሚ ልጇን ስትለቅ የምታጣውን ጉልበት በጥቂቱም ቢሆን ያካክስላታል።

በእነዚህ ምግብ ቤቶች የሚቀርበው ሩዝ፥ ዱቄት፥ ክክና ዘይት የሚመጣው በወደቡ በኩል ነው። ወደቡ የሚያስተናግደው የጅቡቲን ቀለብ ብቻ አይደለም። ከኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከመቶ ዘጠና የሚያህለው እጅ በዚሁ ያልፋል፤ የዓለም ምግብ ፕሮግራምም ለአካባቢው አገሮች ሁሉ የሚያገለግል ትልቅ የእህል ማከማቻ እዚሁ አቋቁሟል። በኦገስት 2022 መጨረሻ ብሬቭ ኮማንደር የተባለችው መርከብ 23000 ቶን የዩክሬን ስንዴ ጭና ጅቡቲ ስትደርስ ዜናው በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ወጣ፤ ስንዴው የኢትዮጵያ ነበር። በጦርነት መካከል ያን ስንዴ ያጨደ ገበሬ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ከሐረርጌ ወደ ጅቡቲ ስለ ወረደው ድንች አንድም ጋዜጣ አልጻፈም።

የሐረርጌ ድንች በጅቡቲ ገበያ ከጥንት የታወቀ ነው። የቀድሞው ምድር ባቡር በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ሽንኩርትና ብርቱካን ወደ ባሕሩ ማውረድ የብዙ ሴት ነጋዴዎች መተዳደሪያ ሆነ፤ ዛሬ ዋናው ሸክም በደወሌ በኩል በመኪና ነው። በሐረማያ፥ በቀርሳና በአካባቢው ያለው ገበሬ መሬቱ እጅግ ጠባብ ነው፤ ግማሽ ሄክታር የማይሞላ ማሳ ይዞ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ብዙ ነው። በዚያችው ላይ ማሽላና በቆሎ ለቤቱ፥ ድንችና ጫት ለገበያ ያበቅላል። በ1950ዎቹ በአጠገቡ የተቋቋመው የእርሻ ኮሌጅ፥ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፥ ለደጋው የሚስማሙ የድንች ዝርያዎችን በማውጣት ረድቶታል።

ይህ ገበሬ ለጅቡቲ ገበታ የከፈለው ዋጋ በድንቹ ሚዛን ላይ አይታይም። የሐረማያ ሐይቅ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ጨርሶ ደርቆ ከብት የሚሄድበት ሜዳ ሆነ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም፤ ከተራቆተው ተራራ የወረደው ደለል፥ ለከተማ የተሳበው ውሃ፥ በሐይቁ ዙሪያ የበዛው የመስኖ ሞተር ተደማምረው ነው። ከዚያ መስኖ ከፊሉ ወደ ጅቡቲ የሚወርደውን አትክልት ያጠጣ ነበር። ባለፉት ዓመታት ውሃው እንደገና ተመልሶ መታየቱ ደስ የሚያሰኝ ነው። ይሁን እንጂ ውሃው የተመለሰለት ሰው ነገም ያለ ቋሚ ገዢ የሚያርስ ከሆነ፥ ዋጋ በወደቀ ቍጥር ብዙ ለማምረት ብዙ ውሃ ይስባል፤ ሐይቁም የትናንቱ ዕጣ ይጠብቀዋል።

ስለ ጫት አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ከአወዳይ ገበያ የሚነሣው ጫት በዕለቱ ጅቡቲ ከተማ ይደርሳል። ቅጠሉ ካደረ ስለሚበላሽ፥ የሚጠብቀውም ሰው ብዙ ስለሆነ፥ ሾፌሩም ኬላውም መንገዱን ይጠርጉለታል። የተማሪው ምሳ የሚቀርበውም በቀትር ነው። ለቅጠሉ የተገኘው ፍጥነት ለቲማቲሙ ያልተገኘው መንገዱ ስለ ረዘመ አይደለም፤ መንገዱ አንድ ነው። ለጫቱ በየቀኑ ቁርጥ ያለ ገዢ አለው፥ ለቲማቲሙ ግን የለውም። ትምህርት ቤት ደግሞ በባሕርዩ ቁርጥ ያለ ገዢ ነው፤ ስንት ልጅ እንዳለው፥ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚያበላ፥ መቼ እንደሚዘጋ አስቀድሞ ያውቃል። ከነጋዴ ሁሉ ይህን የሚችል የለም።

ነገሩ ሕልም እንዳልሆነ በኢትዮጵያ በራሱ የተሠራው ያስረዳል። በ2012 በደቡብ ክልል ተጀምሮ ወደ ኦሮሚያ በተሻገረው ሥራ፥ በቅልቅል ዱቄት ፋንታ በቆሎና ቦሎቄ ከገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች እየተገዛ ለትምህርት ቤቶች ቀረበ። ወላጆች እንጨትና ውሃ ያመጣሉ፤ የወጥ ሠሪዎቹንም ድካም በሚችሉት ይረዳሉ። በዚህ ሥራ የታየው ችግር ሁለት ነበር፤ ሁለቱም ገበሬና ባለሥልጣን ሊያውቋቸው የሚገቡ ናቸው።

አንደኛው የእህሉ ጥራት ነው። ለሕፃን የሚገዛ በቆሎ እንደ ማንኛውም በቆሎ አይደለም። በባዶ መሬት ላይ የተሰጣ ወይም ሳይደርቅ የተከተተ በቆሎ ሻጋታ ያበቅላል፤ ከሻጋታውም አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ይወጣል። ይህ መርዝ ጉበት የሚጎዳ፥ የልጅን ዕድገት የሚያቀጭጭ ሲሆን፥ በማብሰል አይጠፋም፤ በዓይን ታይቶም ሁልጊዜ አይለይም። ስለዚህ በቆሎው በሸራ ወይም በአልጋ ላይ ተሰጥቶ፥ እርጥበቱ ወደ 13 ከመቶ እስኪወርድ ሊደርቅ፥ የተሰበረውና የጠቆረው ሊለቀም፥ ጆንያውም ከመሬት ከፍ ብሎ በርብራብ ላይ ሊቀመጥ ይገባል። የእርጥበት መለኪያ የሌለው ገበሬ ፍሬውን በጥርሱ ሲነክሰው ቀጭ ብሎ መሰበሩን፥ ከደረቅ ጨው ጋር በደረቅ ጠርሙስ ሲያናውጠው ጨው በብርጭቆው ላይ አለመጣበቁን አይቶ መገመት ይችላል። ይህን ሳያደርግ ዩኒየኑ እህሉን ቢመልስበት ጥፋቱ የገዢው አይደለም።

ሁለተኛው ችግር የገንዘቡ መዘግየት ነው። ማኅተምና ፊርማ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዘዋወር ወራት ያልፋሉ፤ ገበሬው ግን የማዳበሪያ ዕዳ አለበት። በዚህ መካከል ነጋዴው ጥሬ ገንዘብ ይዞ በደጁ ይቆማል፤ ዋጋው ዝቅ ያለ ቢሆንም ዛሬ ይከፍላል። ገበሬው ውሉን ትቶ ለነጋዴው ቢሸጥ ከሃዲ ይባላል። በእውነቱ ግን አስቀድሞ የከዳው ጽሕፈት ቤቱ ነው፤ በዓሉም በዚያው ወር በደስታ ሊከበር ይችላል።

በብራዚል ክብሩን ወደ ሕግ ለውጠውታል። በ2009 የወጣው ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ለትምህርት ቤት ምግብ ከሚሰጠው ገንዘብ ቢያንስ 30 ከመቶው ከአነስተኛ ገበሬዎች ለሚገዛ ምርት እንዲውል ያዝዝ ነበር። ገበሬው ከትልልቅ ነጋዴዎች ጋር በዋጋ ጨረታ አይጋፋም፤ ድርሻው በሕግ ተቆርጦለታል።

ጅቡቲ እንዲህ ያለውን ሕግ በገዛ መሬቷ ላይ ብቻ ልታቆመው አትችልም፤ ይሁን እንጂ የምትገዛውን ልትመርጥ ትችላለች። በመጀመሪያ በደጃፏ ያለው ባሕር አለ። ጅቡቲያዊ ከከብት አርቢ ወገን የመጣ ስለሆነ ዓሣ የመብላት ልማዱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ልማድ በልጅነት የሚገኝ ነገር ስለሆነ፥ የኦቦክና የታጁራ ዓሣ አጥማጅ ለትምህርት ቤት በሳምንት አንድ ቀን ዓሣ ቢያቀርብ ጥቅሙ ለሁለቱም ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን የአትክልቱ ነገር ከድንበር ማዶ ካለው ገበሬ ጋር በውል መያያዝ ይኖርበታል። የአፍሪካ ኅብረት ውሳኔ የገዛ አህጉር ምርት ይበላ ሲል በድንበር ኬላ ላይ የሚቆም አይመስልም፤ ከጅቡቲ ከተማ ሐረማያ ከብዙ ባሕር ማዶ ወደብ ይልቅ ቅርብ ናት።

በዚህ ውል ላይ ስለ ገንዘቡ ዓይነት መጠንቀቅ ያሻል። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 ጀምሮ ከዶላር ጋር በ177.721 ልክ ታስሮ የሚኖር ነው። ብር ግን በጁላይ 2024 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ብዙ ወርዷል። በፍራንክ የተጻፈ ውል ገበሬውን ከዚህ መናወጥ ይጠብቀዋል፤ በብር የተጻፈ ግን ትርፉን ሁሉ በመካከል ላለው ደላላ ያስረክባል። በጆንያውም ላይ የዩኒየኑና የቀበሌው ስም ይታተምበት፤ የባሕር ማዶው እህል ስም ተጽፎለት የሐረርጌው የማይጻፍበት ምክንያት የለም። ቀለሙ ጥቂት ሳንቲም ነው፤ የታጁራ ተማሪ ግን ቀርሳ የምትባል አገር መኖሯን ያነብበታል።

የጅቡቲ ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱት በሴፕቴምበር ነው። ድንች ከተተከለ በኋላ ለመውጣት ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈልጋል፤ ዘሩም ሳይተከል ጎንቁሎ መቆየት አለበት። የመጀመሪያው ሳምንት ምሳ ከሐረርጌ እንዲመጣ ከተፈለገ የግዥው ዝርዝር በገበሬው እጅ መግባት የሚኖርበት ቢዘገይ በሜይ መጀመሪያ ነው፤ የማርች 1 በዓል ከተከበረ ሁለት ወር ሳይበልጠው ማለት ነው።